ገና ላይ ከሚኒያፖሊስ ዴንቨር፦ በሲሙላተር፣ በሴስና 172፣ በዊንተር

ሚኒያፖሊስ ነው የምኖረው፣ ታላቅ ወንድሜ ደሞ ዴንቨር ጎን ኦሮራ። በመኪና 13 ሰዓት ገደማ ነው፣ ጃንዋሪ ላይ ኔብራስካ ውስጥ ሃይዌዩ በበረዶ ከተዘጋ ደሞ መቼ እንደሚደረስ አይታወቅም፣ እና ገና ደርሶ ከሥራ ፈቃድ ካላገኘሁ ያንን መንገድ በሲሙላተር እበረዋለሁ፣ ውጭ ያለውን አየር እንዳለ ጭኜ፣ ሰዓቱን ሳላፋጥን፣ ስደርስ እደውልለትና እንኳን አደረሰህ እለዋለሁ። አራት ዊንተር ሆነኝ እንዲህ ሳደርግ። ማንሳትና ማሳረፍ ከለመዳችሁ በኋላ ቀጥሎ ምን ልሞክር ለምትሉ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም፣ ስለዚህ እንዴት እንደማደርገው ከነዝርዝሩ ልጻፈው።

ዊንተር የምለው አውቄ ነው፣ ክረምት ካልኩ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው የሚታያችሁ። በረዶ የሚለውም ቃል እዚህ ጋ ያደናግራል፣ የሚዘንበውም ነጩ በረዶ ነው፣ ክንፍ ላይ የሚጋገረውም በረዶ ነው፣ ለአብራሪ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ስለዚህ የሚዘንበውን ስኖው፣ የሚጋገረውን አይስ እያልኩ ነው የምቀጥለው።

ከሁሉም በፊት አንድ ሕግ፦ ሪስታርት የለም። አየሩ ከከፋ ትመለሳላችሁ ወይ ቅርብ ያለው ኤርፖርት ታርፋላችሁ፣ ካረፋችሁ አውሮፕላኑን እዛው አቁማችሁ ኮምፒውተሩን ትዘጋላችሁ፣ በማግስቱ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ቤት ውስጥ የሚጠራችሁ ሰው ካለ ፓውዝ አድርጉ ችግር የለውም፣ ግን አውሮፕላኑን መሬት ላይ አጋጭታችሁ እንደገና ከአየር ላይ መጀመር የለም። ይሄን ሕግ ካልያዛችሁ ከታች የምጽፈው ሁሉ ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም የዊንተር በረራ አብዛኛው ሥራ ውሳኔ ነው፣ ልሂድ፣ ልቅር፣ ልመለስ የሚል፣ እና ስህተቱ ምንም የማያስከፍል ከሆነ ማንም አያስብበትም።

መንገዱ

የምንነሳው ፍላይንግ ክላውድ ከሚባለው ከሚኒያፖሊስ ደቡብ ምዕራብ ካለው ኤርፖርት ነው፣ ኮዱ ኬ ኤፍ ሲ ኤም። መድረሻችን ሴንቴኒያል ነው፣ ኬ ኤ ፒ ኤ፣ ከዴንቨር ደቡብ፣ ለኦሮራም ቅርብ። መሃል ላይ ሁለት ቦታ እናርፋለን፣ መጀመሪያ ሳውዝ ዳኮታ ሱ ፎልስ፣ ኬ ኤፍ ኤስ ዲ፣ ቀጥሎ ኔብራስካ ኖርዝ ፕላት፣ ኬ ኤል ቢ ኤፍ። ርቀቱ 160፣ ከዛ 228፣ ከዛ 212 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው፣ በጠቅላላው 600።

አውሮፕላኑ ሴስና 172 ኤስ ነው፣ ባለ 180 የፈረስ ጉልበት፣ 53 ጋሎን ጥቅም ላይ የሚውል ነዳጅ ይይዛል፣ ክሩዝ ላይ፣ ማለትም ከፍታውን ይዞ ሲጓዝ፣ 120 ኖት (በሰዓት 120 ኖቲካል ማይል) አካባቢ ይሄዳል፣ በሰዓት 9 ጋሎን ገደማ ይጨርሳል። እንዲህ ስታዩት 600 ማይል የ5 ሰዓት መንገድ ነው። ግን በዊንተር እዚህ ሜዳ ላይ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ነው፣ እኛም ወደዛው ነን፣ ስለዚህ 30 ኖት ከፊት ከመጣ መሬት ላይ የምንጓዘው በ90 ነው፣ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። 50 ኖት ከመጣ 70 ነው የሚቀረን፣ መሃለኛው ጉዞ ብቻውን ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ነዳጅ የሚሰላው በማይል ሳይሆን በሰዓት ነው፣ ይሄን ያልገባው ሰው ነው መንገድ ላይ ጌጁን እያየ የሚጨነቀው። የአሜሪካ ሕግ በቪኤፍአር (በዓይን እያዩ በሚበረር በረራ) ለቀን 30 ደቂቃ ለማታ 45 ደቂቃ የሚያስኬድ መጠባበቂያ ይጠይቃል፣ እኔ በዊንተር 1 ሰዓት ተኩል ካልተረፈኝ አልነሳም፣ ምክንያቱም የምሸሽበት ኤርፖርትም እኔ እስክደርስ ስኖው ሊይዘው ይችላል።

ሌላው ካርታ ላይ ካልተፈለገ የማይታየው ነገር መሬቱ ቀስ እያለ ከፍ ማለቱ ነው። ፍላይንግ ክላውድ 906 ጫማ ላይ ነው፣ ሱ ፎልስ 1,430 አካባቢ፣ ኖርዝ ፕላት 2,777፣ ሴንቴኒያል 5,885። ሜዳ ስለሆነ ዓይን አይይዘውም። ሚኒሶታ ላይ 4,500 ጫማ ስትይዙ ከመሬት 3,600 ጫማ ላይ ናችሁ፣ ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ ብትቀጥሉ ግን ዴንቨር ሳትደርሱ መሬቱ ራሱ ይደርስባችኋል። ወደ ምዕራብ ሲኬድ የቪኤፍአር ከፍታ ተጋማሽ ሺህ ሲደመር 500 ስለሆነ እኔ በመጀመሪያው 4,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛው 8,500 እይዛለሁ፣ በቃ እንደ ደረጃ ነው፣ ለመያዝም አይከብድም። ደመናው ዝቅ ብሎ ይሄን ካልፈቀደ ያ ቀን የበረራ ቀን አይደለም።

በየሌጉ (በየመንገዱ ክፍል) መሃል የምሸሽበትን ቦታ ስልኬ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። ወደ ሱ ፎልስ ስትሄዱ ኒው አልም እና ፓይፕስቶን አሉ፣ ወደ ኖርዝ ፕላት ስትሄዱ ልክ ግማሹ ላይ ኦኒል አለ፣ መስመሩ ላይ ማለት ይቻላል፣ ወደ ዴንቨር ደሞ ኮሎራዶ ከገባችሁ በኋላ አክሮን። ስካይቬክተር ላይ ካርታውን በነፃ ታገኙታላችሁ፣ መስመሩን እዛ ላይ አስምሩ።

ሲሙን ማስተካከል

ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙላተርም ይሁን ኤክስፕሌን 12 ወይ ነፃው ፍላይትጊር ይሠራል። ሴቲንግ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ነዳጅ የሚለውን አጥፉ፣ አይሲንግ የሚለውን ሙሉ በሙሉ አብሩ፣ በዓይን ብቻ እንዲታይ የሚል ምርጫ ካለ እሱን አትምረጡ፣ አደጋና ብልሽትም ይብራ። አየሩ ላይቭ ዌዘር ይሁን። ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥባችሁ፣ በተለይ አገር ቤት ያላችሁ፣ ላይቩን ትታችሁ ኤርፖርቶቹ አሁን የሚያወጡትን ሜታር (የአየር ሁኔታ ሪፖርት) አንብባችሁ ነፋሱን፣ ቴምፕሬቸሩንና ደመናውን በእጅ አስገቡ፣ እንደውም እንደዛ ስታደርጉ ሜታር ማንበብ ቶሎ ነው የሚለመደው። ጆይስቲኩ የሚጠማዘዝ ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ራደሩን (ጅራቱ ላይ ያለውን መሪ) የምትቆጣጠሩበት ነገር ከሌለ በጎን ነፋስ ማረፍ ከባድ ስለሆነ።

ፍላይትጊር ላይ ያለው ሴስና 172 ፒ ነው፣ ያ ካርቡሬተር አለው፣ 172 ኤስ ግን ኢንጀክሽን ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ውስጡ አይስ ሊይዝ ይችላል፣ ለዛውም ውጭ ከዜሮ በላይ ሆኖ እርጥበት ሲኖር ሳይቀር፣ አርፒኤሙ ሳትነኩት ዝቅ እያለ ካያችሁ ካርብ ሂት (የካርቡሬተሩን ማሞቂያ) ሙሉ ለሙሉ ሳቡ፣ መጀመሪያ ሞተሩ ይባስ ይንተፋተፋል፣ ታገሱት፣ አይሱ ቀልጦ ሲያልፍ ይመለሳል።

ሰዓትና ብርሃን

ሜታር ላይ ያለው ሰዓት ዙሉ ነው፣ ማለትም የዓለም መደበኛ ሰዓት (ዩቲሲ)። ሚኒያፖሊስ በዊንተር ከዙሉ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ የኛ የሰዓት አቆጣጠር ደሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል፣ ሁለቱ ሲደመሩ 12 ስለሚሆን ዙሉው ራሱ የሀበሻ ሰዓት ይሆንላችኋል። 14 ዙሉ ካለ 12 ቀንሱ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። 21 ዙሉ ከቀኑ 9 ሰዓት። ሱ ፎልስም ኖርዝ ፕላትም በዚሁ ናቸው፣ ዴንቨር ብቻ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ሰዓት ለመቀየር አስቤ አላውቅም፣ ከዚህ በታች ያለው ሰዓትም ሁሉ በኛ ነው።

የገና ሰሞን ሚኒያፖሊስ ላይ ፀሐይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሞላ 10 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ትወጣለች፣ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። 9 ሰዓት የማይሞላ ብርሃን ነው ያላችሁ፣ በረራው ደሞ 6 ሰዓት ከ40፣ ሁለቱ ማረፊያዎች ለየብቻ 40 ደቂቃ ቢወስዱ 8 ሰዓት። ከ2 ሰዓት ከሩብ ዘግይታችሁ አትነሱ። የመጨረሻዋ መቁረጫ ኖርዝ ፕላት ላይ ናት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ከዛ ካልተነሳችሁ እዛው እደሩ።

ለምን እንዲህ አጥብቃለሁ፣ ስኖው የለበሰ ሜዳ ላይ ሲመሽ አድማስ የሚባል ነገር አይኖርም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959 ሌሊት ባዲ ሆሊንና ሁለት ሌሎች ዘፋኞችን የያዘች ቦናንዛ የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ሚኒያፖሊስን ወደ ደቡብ አለፍ ብሎ ካለው ከሜሰን ሲቲ ኤርፖርት ተነስታ ወደ ፋርጎ ልትሄድ ነበር፣ በትንሹ ስኖው እየዘነበ ነበር፣ ከተነሳች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እርሻ ላይ ወደቀች፣ አራቱም ሞቱ። ፓይለቱ የ21 ዓመት ልጅ ነበር፣ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያበቃ ፈቃድ አልነበረውም። ሲሙላተር ላይ ይሄን ስሜት ማየት የሚፈልግ ሌላ ቀን ሆን ብሎ ይሞክረው፣ በዚህ ጉዞ ላይ ግን ለማታ አትሽቀዳደሙ።

ሜታሩ ላይ ምን ልይ

ነፋስ፣ የሚታይ ርቀት፣ የደመናው ዝቅተኛ ጫፍ፣ ቴምፕሬቸርና ዲው ፖይንት (አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውሃ የሚለወጥበት ቴምፕሬቸር)። ከቁጥሩ ፊት ኤም ካለ ከዜሮ በታች ማለት ነው። ቴምፕሬቸርና ዲው ፖይንት ከተጠጋጉ ጉም ወይ ዝቅተኛ ደመና ጠብቁ። የኔ የግል መስፈርት ደመናው ከመሬት 3,000 ጫማ በላይ፣ የሚታየው ርቀት ከ6 ማይል በላይ ነው፣ በአራቱም ኤርፖርት ላይ፣ በታፉም (በአየር ትንበያው) ላይ፣ አንዱ ካላሟላ እስከሚያሟላው ድረስ ብቻ ሄጄ እቆማለሁ።

አይስ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ብርድ በበረታ ቁጥር አደጋው የሚበረታ ይመስለዋል። አይደለም። ከዜሮ በታች 25 ሆኖ ደረቅ ስኖው ሲዘንብ ክንፍ ላይ አይጣበቅም፣ ተንሸራቶ ያልፋል። ክፉው ዜሮ አካባቢ ነው፣ ከዜሮ እስከ ዜሮ በታች 15 እና 20 ባለው ውስጥ፣ ምክንያቱም ደመናው ውስጥ ያለው የውሃ ጠብታ ከዜሮ በታች ሆኖም ፈሳሽ እንደሆነ ይቆይና ክንፉን ሲነካ ወዲያው ይረጋል። ሁሉንም የሚያስከነዳው ደሞ እየዘነበ የሚረጋው ዝናብ ነው፣ ከላይ ሞቅ ያለ አየር ኖሮ ከታች ከዜሮ በታች ሲሆን የሚመጣው፣ እሱ በደቂቃዎች ውስጥ አውሮፕላኑን ይሸፍነዋል። ሴስና 172 አይስ ውስጥ ለመግባት የተፈቀደ አውሮፕላን አይደለም፣ ክንፉ ላይ የሚያራግፍበት ነገር የለውም፣ ስለዚህ እዛ ቴምፕሬቸር ውስጥ ደመና አይገባም። በቃ።

ሳታስቡት ከገባችሁበት ፈጥናችሁ አውቶፓይለቱን አጥፉ። አውቶፓይለት የአውሮፕላኑን መክበድ ይደብቅባችኋል፣ አፍንጫውን ቀስ እያለ ቀና ያደርጋል ፍጥነቱ ይወርዳል እናንተ ምንም አታውቁም፣ በመጨረሻ ራሱ ሲለቅ ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው) አጠገብ ታገኙታላችሁ። ከዛ ወደመጣችሁበት 180 ዙሩ፣ ኋላችሁ ያለው አየር ደህና እንደነበር ታውቃላችሁና። ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን) አታውርዱ፣ ስታርፉም ከወትሮው ፈጠን ብላችሁ ረጅም ሯንዌይ ላይ እረፉ።

መነሳት

ጠዋት ፍላይንግ ክላውድ ላይ ከዜሮ በታች 20 ነው እንበል። በእውነቱ ዓለም የሴስና ማንዋል ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ካለፈ ሞተሩን ከውጭ በማሞቂያ አሙቁ ይላል፣ ሲሙ ያንን ባያስገድዳችሁም ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የዘይቱ ጌጅ አረንጓዴ እስኪገባ ጠብቁ፣ በዛ መሃል ኤቲሱን (የኤርፖርቱን የአየር ሁኔታ የሬዲዮ መልዕክት) ስሙ፣ አልቲሜትሩን (የከፍታ መለኪያውን) አስተካክሉ። ክንፉ ላይ የታየ ውርጭ ካለ አትነሱ፣ ሲሙ ላይ ዱቄት የነፋበት ብቻ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል ግን የክንፉን ማንሳት ይቀንሳል።

ታክሲ በሰው እርምጃ ፍጥነት። ሞተር የምትፈትሹበት ቦታ አይስ ከሆነ 1,800 አርፒኤም ላይ ፍሬን አይዝላችሁም፣ መንሸራተት ከጀመረ ትሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መቆጣጠሪያ) መልሱ። ከዛ የምታዩት ነገር ደስ ይላል፦ በዛ ብርድ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ለአውሮፕላኑ ኤርፖርቱ ከባሕር ወለል 3,000 ጫማ በታች እንደሆነ ያህል ነው የሚሰማው፣ ተስፈንጥሮ ነው የሚነሳው። ሲሙ ላይ ከቦሌ መነሳት የለመደ ሰው፣ ቦሌ 7,600 ጫማ በላይ ናት፣ 172 ትንፋሽ አጥሮት ሯንዌዩን ሲበላ አይቷል፣ ይሄኛውን ሲያይ ሌላ አውሮፕላን ይመስለዋል። ከላያችሁ የሚኒያፖሊስ ብራቮ ኤርስፔስ (ያለ ፈቃድ የማይገባበት ሰማይ) ስላለ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወጥታችሁ ነው ወደ 4,500 የምትወጡት።

ሯንዌይ ላይ ከመግባታችሁ በፊት ፒቶ ሂት አብሩ፣ ፍጥነት የሚለካበትን ቱቦ፣ ፒቶውን፣ የሚያሞቀውን ማለት ነው። ሁለተኛው ዊንተር ላይ ረስቼው ነበር፣ ቀጭን ደመና ዳር ዳሩን ነክቼ እየወጣሁ ፍጥነቱ ሲጨምር አየሁ፣ 95፣ 105፣ 115፣ አፍንጫውን ቀና አደረግኩ አሁንም ጨመረ፣ ሌላ ቀና፣ ከዛ አውሮፕላኑ ተንቀጠቀጠና በአንድ ክንፉ ወደቀ። ፒቶው ከነማፍሰሻ ቀዳዳው በአይስ ሲደፈን የፍጥነት መለኪያው እንደ ከፍታ መለኪያ ነው የሚሠራው፣ በወጣችሁ ቁጥር ይጨምራል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ኒውዮርክ ውስጥ የወደቀው የኖርዝዌስት 6231 ቦይንግ 727 ላይ የሆነው ይሄው ነው፣ የፒቶው ማሞቂያ አልበራም ነበር፣ ፓይለቶቹ በጣም የፈጠኑ መስሏቸው አፍንጫውን ቀና እያደረጉ ስቶል ውስጥ ገቡ፣ ሦስቱም ሞቱ። ከዛ ቀን ወዲህ ቼክሊስቴ ላይ ፒቶ ሂት የሚለውን በቀይ ነው የጻፍኩት። መለኪያው ከተጠራጠራችሁት አፍንጫውና ፓወሩ ሁልጊዜ የምታውቁት ቦታ ላይ ይሁን፣ አውሮፕላኑ በዛ ፓወርና በዛ አፍንጫ ምን ያህል እንደሚሄድ ከዚህ በፊት ጽፋችሁ ያዙ።

እስከ ሱ ፎልስ

በሰመር ሚኒሶታ ላይ በሐይቆቹ ነው መንገድ የሚለየው፣ አሁን ሁሉም ረግተው ስኖው ለብሰዋል፣ ካርታው ላይ ሰማያዊ የሆነው ከመስኮት ሲታይ ከእርሻው አይለይም። ስለዚህ ጥቁር ነገር ፈልጉ፦ ሃይዌይ፣ ባቡር ሐዲድ፣ በዛፍ የተከበበ ወንዝ፣ የእህል ጎተራ ማማ። የሚኒሶታ ወንዝ እስከ ኒው አልም ድረስ ያደርሳችኋል። የእርሻ መንገዶቹም በየአንድ ማይሉ ቀጥ ብለው ሰሜን ደቡብ ምሥራቅ ምዕራብ የተሠመሩ ናቸው፣ ኮምፓስ እንደማለት ነው፣ ሁለቱን መስመር ለማቋረጥ የፈጀባችሁን ሰከንድ ብትቆጥሩ ፍጥነታችሁንም ታገኛላችሁ።

እዚህ ሌግ ላይ ነው ነፋሱን የምትፈትኑት። 30 ደቂቃ ከሄዳችሁ በኋላ ያቀዳችሁትንና እውነተኛውን የመሬት ፍጥነት አወዳድሩ፣ ከ15 ኖት በላይ ካነሰ የሁለተኛውን ሌግ ሒሳብ ሱ ፎልስ ላይ እንደገና ሥሩ።

ሱ ፎልስ ሳትደርሱ ከከተማው በስተምሥራቅ 2,000 ጫማ ገደማ የሚረዝሙ የቴሌቪዥን ማማዎች አሉ፣ መስመራችሁም ወደዛው ነው የሚወስደው። ብርዱ እዚህ ጋ ሌላ ጣጣ ያመጣል፦ አየሩ ሲቀዘቅዝ ስለሚጨመቅ አልቲሜትራችሁ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው። በግምት ከስታንዳርዱ በ10 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ከኤርፖርቱ በላይ ካለው ከፍታ 4 በመቶ ይጎድላል። ከዜሮ በታች 30 በሆነ ጠዋት ከኤርፖርቱ 3,000 ጫማ ከፍ ያልኩ መስሏችሁ 500 ጫማ ያህል ዝቅ ብላችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ማማ ካለበት በዛ ልክ ጨምራችሁ እለፉ።

ከሱ ፎልስ ኖርዝ ፕላት

ከመነሳታችሁ በፊት ታንኩን ሙሉ። 70 ማይል ገደማ ላይ ሚዙሪ ወንዝን ታቋርጣላችሁ፣ ትልቅ ስለሆነ አይሳትም፣ እዛ ላይ ሰዓት ጻፉ። ግማሹ ላይ ኦኒል ናት፣ ኦኒል ላይ ሁልጊዜ ቆም ብላችሁ እንደምትወስኑ አስቡ፣ ምክንያቱም ከሷ በኋላ የሚመጣው ሳንድሂልስ ነው፣ ሣር የያዛቸው የአሸዋ ኮረብታዎች፣ ከተማ የለ፣ መንገድ በጣት የሚቆጠር፣ ሞተር ቢጠፋ የሚያየን ሰው የሌለበት። ኦኒል ላይ ፊታችሁ ያለው ሰማይ ግራጫ ግድግዳ ከሆነ እዛው እረፉ። ባለፈው ዓመት እኔ አርፌያለሁ፣ ማታውን ለወንድሜ ደውዬ ኦኒል ነው ያደርኩት ስለው ከልቡ ተጨነቀ፣ መንገድ ላይ የቀረሁ ነው የመሰለው።

ከኦኒል ካለፋችሁ ኖርዝ ፕላትን የምታገኟት በባቡር ነው። ቤይሊ ያርድ ይባላል፣ ከከተማው በስተምዕራብ 8 ማይል የሚረዝም የባቡር ማደራጃ፣ በዓለም ትልቁ፣ ስኖው ውስጥ እንደ ጥቁር ቀበቶ ተዘርግቶ ይታያል። ኤርፖርቱ ከከተማው በምሥራቅ በኩል ነው፣ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ከሆነ 30 የሚባለው ሯንዌይ 8,000 ጫማ ርዝመት አለው።

ማረፊያው ላይ ትሮትሉን ቀስ በቀስ ነው የምትቀንሱት፣ ሞተሩ በአንዴ እንዳይቀዘቅዝ። ሯንዌዩ ነጭ ሲሆን መሬቱ ምን ያህል እንደቀረ ዓይን ይታለላል፣ ብዙ ሰው ወይ ቀድሞ ነው የሚያነሳው ወይ ዘግይቶ ነው የሚላተመው፣ ስለዚህ ሯንዌዩን ሳይሆን ጎኑ ያሉትን መብራቶች ተመልከቱ፣ እነሱ ከፍ ዝቅ ሲሉ ነው የምታውቁት። ከነኩ በኋላ ፍሬን አትርገጡ፣ ዮኩን (መሪውን) ወደ ኋላ ሳቡ፣ ፍላፑን መልሱ፣ አውሮፕላኑ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የጎን ነፋስ ለ172 ኤስ የተሞከረው 15 ኖት ድረስ ነው፣ አይስ ላይ ግን ጎማው ስለማይዝ እኔ ከ8 በላይ አልቀበልም።

ስለ ኖርዝ ፕላት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1921 ማታ ጃክ ናይት የሚባል የፖስታ ፓይለት ከዚሁ ከተማ ተነስቶ ጣራ በሌለው ዲ ኤች 4 ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላን በዛ ብርድ ወደ ኦማሃ በረረ፣ የመንገዱ ሰዎች እሳት አንድደው ነው ያሳዩት። ኦማሃ ላይ የሚተካው ፓይለት አልነበረም፣ ከኦማሃ ወዲያ ያለውን መንገድ ደሞ በርሮበት አያውቅም፣ ግን ቀጠለና ጠዋት ቺካጎ ገባ። ከሳን ፍራንሲስኮ የተነሳው ፖስታ 33 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ውስጥ ኒውዮርክ ደረሰ። ሌላ ቀን ያንን መንገድ ከኖርዝ ፕላት ቺካጎ በሌሊት ብትሞክሩት ደስ ይላችኋል፣ እኔ ገና እየተዘጋጀሁበት ነው።

ወደ ዴንቨር

9 ሰዓት ካላለፈ ተነሱ፣ 8,500። እየወጣችሁ ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ቅልቅሉን) ማሳነስ አትርሱ፣ ሜዳ ላይ የለመዳችሁት ሙሉ ሪች (ነዳጅ የበዛበት ቅልቅል) እዚህ ነዳጅም ጉልበትም ያባክናል። ቀጥታው መስመር በአክሮን ነው የሚያልፈው፣ ሃይዌይ 76 ደሞ በስተቀኝ 20 ማይል አካባቢ ርቆ አብሯችሁ ይሄዳል። የሚታየው ርቀት እያጠረ ከመጣ ወደ መንገዱ ተጠጉና እሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ስተርሊንግና ፎርት ሞርጋን እሱ ላይ ናቸው፣ ሁለቱም ማረፊያ አላቸው። ሮኪ ተራራ መጀመሪያ ደመና ነው የሚመስለው፣ ከዛ ደመናው አልንቀሳቀስ ሲል ተራራ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እኔ በአራቱም ዓመት እዛች ጋ ስደርስ ፎቶ አንስቻለሁ። ነፋሱ ተራራውን ተሻግሮ ከምዕራብ ከበረታ አውሮፕላኑ ይንገላታል፣ ፍጥነታችሁን ከ100 ኖት በታች አውርዱና ከፍታውን ለመያዝ አትታገሉ፣ ክንፉን ብቻ ቀጥ አድርጉ።

ሴንቴኒያል ከዴንቨር ብራቮ ሥር ነው፣ ስትቀርቡ ዝቅ ብላችሁ ከሥሩ ግቡ። ረጅሙ ሯንዌይ 10,000 ጫማ ነው፣ ጎኑ ትይዩ የሆነ ሌላ አለ፣ የተፈቀደላችሁን ለዩ። የፍጥነት መለኪያው ላይ የምታዩት ቁጥር እንደሁልጊዜው ነው፣ 65 ከሆነ 65፣ ግን አየሩ ቀጭን ስለሆነ መሬቱ ከሚኒያፖሊስ በፈጠነ ሁኔታ ነው የሚመጣባችሁ፣ ያ ስሜት አታሏችሁ አፍንጫ እንዳታነሱ። ሚክስቸሩን ለማረፍ ብላችሁ ሙሉ አትግፉት፣ ድጋሚ መነሳት ቢያስፈልግ ሞተሩ ጉልበት ያጣል።

ካቆማችሁ በኋላ ሞተሩን በሚክስቸር አጥፉ፣ የተረፈውን ነዳጅና ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፉ፣ ካቀዳችሁት ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ። መመለሻው ላይ ነፋሱ ከጀርባ ነው፣ ከፍታውም ወደ ምሥራቅ ስለሆነ 7,500 ወይ 9,500 ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ ከሴንቴኒያል ተነስቼ ሱ ፎልስ ላይ አንዴ ብቻ አርፌ ሚኒያፖሊስ እገባለሁ። ለሱ ግን መጀመሪያ ወንድሜ ጋ ልደውል።